ኮሎምቢያ ፓይክ፦ ሕንፃው ወደ መንገዱ ይጠጋ አሉ፤ እኛ ወዴት እንጠጋ?

የበርበሬ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ገጹን የከፈተልኝ ልጄ ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂንያ፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መንገድ ላይ ባልትናና እንጀራ መሸጥ ከጀመርሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሱቄ ፎቅ በሌለው፣ ከፊቱ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ባለው ፕላዛ ውስጥ ነው። በስተግራዬ የልብስ ማጠቢያ፣ በስተቀኜ የቦሊቪያ ሰዎች ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ፀጉር ቤት፣ ጥግ ላይ ገንዘብ መላኪያ አለ። ጣሪያው ያፈሳል፤ አስፋልቱ ተቦርቡሯል። ያምራል ብዬ ልዋሽ አልመጣሁም።

በበጋው መግቢያ ላይ ሁለት ወጣቶች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው መጡና አስፋልቱ ላይ ሮዝ ቀለም እየረጩ ሲለኩ ዋሉ። «ምን ልትሠሩ ነው?» ብላቸው «እኛ የምንለካ ብቻ ነን» አሉኝ። አከራያችንን ስጠይቀው «ገና ሐሳብ ነው» አለኝ። ሐሳብ በሮዝ ቀለም ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ ልጄ የካውንቲውን፣ ማለትም የአካባቢያችንን መስተዳድር፣ ደንብ ከኮምፒውተር አውጥቶ አነበበልኝ። ለፓይኩ የተለየ የግንባታ ደንብ አለ አሉ። ሕንፃው እስከ እግረኛው መንገድ ጫፍ ይምጣ፣ መኪና ከኋላ ወይም ከሥር ይቁም፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ይሁን፣ የሱቁ ፊት በአብዛኛው መስታወት ይሁን፣ ከላይ አፓርታማ ይደርደርበት ይላል። ሥዕሉ ያምራል። ዛፍ አለው፤ ውሻ የምታናፍስ ሴት አለች፤ ቡና የያዘ ወጣት አለ። ሃያ እንጀራ በፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ግን ፈልጌ አጣሁ።

እባካችሁ አትሳቁብኝ፤ የእኔ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ብታዩኝ ይገባችኋል። ሰው መኪናውን በሬ ላይ ያስጠጋል፤ ሽሮውን፣ ምስር ክኩን፣ እንጀራውን ይጭናል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። ለተዝካርና ለክርስትና ሁለት መቶ እንጀራ የሚወስድ አለ። ጤፉ በሃምሳ ፓውንድ ጆንያ ነው የሚመጣልኝ፤ አውራጁ አንድ ሰው፣ ተሸካሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። መኪናው ከኋላ ምድር ውስጥ ቆሞ፣ በአሳንሰር ወጥቶ፣ በኮሪደር ዞሮ የሚመጣ ደንበኛ ለአንድ ኪሎ ሚጥሚጣ ይህን ሁሉ ይጓዛል?

መስታወቱም አሳስቦኛል። በርበሬ ብርሃን አይወድም። ፀሐይ ባገኘው መደርደሪያ ላይ አንድ ወር ካደረ ቀይነቱ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል፤ ደንበኛው ደግሞ «የአምናው ነው» ይላል። አሁን ያለሁበት ሱቅ ጨለማ ነው ብለው የሚነቅፉኝ አሉ። ጨለማው ለበርበሬው ነው።

ከሁሉም በላይ ጓዳው ነው የሚያስጨንቀኝ። ከኋላ ስድስት ምጣድ አለኝ። እንፋሎቱ ግድግዳ በስቶ በቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቅመም ስናምስ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ሰውዬ ያስነጥሰዋል፤ ለምዶናል። ከላዬ ሰው ተኝቶ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ማመስ ይፈቀድልኛል?

ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ይህ ደንብ አከራዬን አፍርስ ብሎ ያስገድደዋል? ወይስ አፍራሹ እርሱ ራሱ ነው? ውሌ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። አዲሱ ሕንፃ ሲቆም መመለስ የምችልበት መንገድ አለ? የካውንቲው ስብሰባ ላይ ሄጄ ብናገርስ የሚሰማኝ አለ ወይስ ሱቅ ዘግቼ መባከን ነው?

*

ጡረተኛው ሾፌር፦

እትዬ፣ ሱቅዎን አውቀዋለሁ ብል ትዕቢት አይሁንብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ መጀመሪያ በታክሲ ኋላም በአውቶቡስ፣ በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ። ከፔንታጎን ተነሥቼ የአየር ኃይሉን መታሰቢያ አልፌ እስከ ጎረቤታችን ፌርፋክስ ካውንቲ ወሰን ያለችውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግርዎት እችላለሁ፤ ሦስት ማይል ተኩል ገደማ ናት።

አንድ ነገር ግን ልቃወምዎት። ደንበኛዎ ሁሉ በመኪና የሚመጣ አይደለም። ግማሹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ድሮ 16 ብለን በምንጠራቸው አውቶቡሶች ላይ እናቶች እንጀራ በጉልበታቸው አስቀምጠው ሲሄዱ በመስታወት አያቸው ነበር። ከፌርማታው ወርደው የእርስዎ በር እስኪደርሱ በመኪኖች መካከል እየተሽለኮለኩ፣ ልጅ እየጎተቱ፣ ያንን ሰፊ አስፋልት ማቋረጥ ነበረባቸው። የእግረኛው መንገድ እንደነበረ ያስታውሱታል? መሃሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ተተክሎበት ጋሪ የምትገፋ ሴት ወደ መኪናው መንገድ ትወርድ ነበር። አሁን ሽቦውን መሬት ውስጥ እየቀበሩ፣ መንገዱን እያሰፉ ነው። እኔ ይህን አልጠላም። በሩ ለእግረኛው ቢቀርብ ምን ይጎዳል?

የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ይህ ደንብ ሲጸድቅ ባቡር ይመጣል ሲባል ነበር። ከስካይላይን እስከ ፔንታጎን ሲቲ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር። ዓመታት ሲታቀድ ኖሮ እንደ ፈረንጆቹ በኅዳር 2014 የካውንቲው ቦርድ ሰረዘው። በዓመቱ አዲስ አበባ የራሷን ቀላል ባቡር ስታስመርቅ ወንድሜ ደውሎ «እናንተስ?» አለኝ። ከፔንታጎን ሥር ተቀምጠን ለባቡር አዲስ አበባ ቀደመችን።

የፌርማታውንም ነገር ታስታውሳላችሁ፤ በ2013 ዋልተር ሪድ መንገድ ላይ የተሠራው አንድ ፌርማታ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ቀለል ያሉ ናቸው። ሕንፃው ለባቡር ተብሎ ተጠጋ፤ ባቡሩ ቀረ፤ አሁንም የሚያመላልሰው አውቶቡስ ነው።

*

የፕላን ክፍል ሠራተኛዋ፦

እትዬ፣ በሌላ የቨርጂንያ ካውንቲ የፕላን ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ አርሊንግተንን ወክዬ አልናገርም። ግን የፓይኩ ደንብ በሙያችን ብዙ የሚጠቀስ ስለሆነ በደንብ አንብቤዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

የተለመደው የዞን ሕግ «እዚህ ቦታ ላይ ምን ይሠራበታል፣ ሱቅ ነው ወይስ መኖሪያ?» ብሎ ነው የሚነሣው። ልጅዎ ያነበበልዎት ደንብ ግን ስሙ «ፎርም ቤዝድ ኮድ» ነው፤ የቅርጽ ደንብ ብንለው ያስኬዳል። የሚነሣው «ሕንፃው የት ይቆማል? ምን ያህል ይረዝማል? ፊቱ ምን ይመስላል?» ብሎ ነው። በካርታው ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ግድግዳው እዚያ መስመር ላይ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከፊቱ መኪና ማቆም አይችልም። በዋናው መንገድ ዳር ከሦስት ፎቅ እንዳያንስ፣ በአብዛኛው ከስድስት እንዳይበልጥ ይላል።

ለምን እንዲህ አሉ? ፓይኩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀረጥ እየተከፈለ የሚታለፍበት መንገድ ነበር፤ «ፓይክ» የሚለውም ስም ከዚያ የቀረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመኪና ዘመን ሲመጣ እንደ እርስዎ ያሉ ፕላዛዎች ተደረደሩበት። በ1970ዎቹ ሜትሮ ሲገባ ባቡሩ የተቀበረው በሰሜን፣ ከሮስሊን እስከ ቦልስተን ባለው መስመር ነው። ገንዘቡም ባቡሩን ተከትሎ ወደዚያ ሄደ፤ ፓይኩ አሥርተ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው ባለሀብት አልነበረም። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛን የተቀበለን ያ መረሳቱ ነው። ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ኢትዮጵያዊው፣ ቦሊቪያዊው፣ ሞንጎሊያዊው፣ ባንግላዴሻዊው እዚያ ገባ። የአካባቢው ሰዎች 22204 የሚባለውን የፖስታ ቁጥር «ዓለም በአንድ ዚፕ ኮድ» ብለው የሚመኩበት ነገር የመጣው ከዚያ ርካሽ ኪራይ ነው።

ካውንቲው በ2002 የማነቃቂያ ዕቅድ አጸደቀ፤ በ2003 ደግሞ የገበያ ማዕከላቱን የሚመለከተውን የቅርጽ ደንብ አወጣ። ደንቡ ማንንም አፍርስ አይልም። አከራይዎ በፊት በነበረው የዞን ሕግ መቀጠል ይችላል፤ ፕላዛውን ቀለም ቀብቶ ሃያ ዓመት ቢያከራይ የሚነካው የለም። አዲሱን መንገድ ከመረጠ ግን ብዙ ፎቅ ይፈቀድለታል፣ ፈቃዱም ከቀድሞው ባነሰ ጊዜ ይወጣል። ቨርጂንያ ውስጥ አንድ ካውንቲ ግዛቱ በግልጽ ያልሰጠውን ሥልጣን መጠቀም አይችልም፤ ስለዚህ ካውንቲዎች በትእዛዝ ፋንታ በማባበያ ይሠራሉ። አፍራሹ አከራይዎ ነው፤ ምክንያት የሰጠው ደንቡ ነው።

የመኖሪያ ቤቱ ነገር የተሻለ ታስቦበታል። በ2012 የጸደቀው ዕቅድ በፓይኩ ዙሪያ ያሉ 6,200 ያህል በአቅም የሚከራዩ አፓርታማዎች እንዳይጠፉ ግብ አድርጎ ተነሣ። በ2013 የወጣው የመኖሪያ ሰፈሮች ደንብ ደግሞ በዚህ መንገድ የሚገነባ ሰው ከሚጨምራቸው ቤቶች ውስጥ ከ20 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑትን በዝቅተኛ ኪራይ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ባርክሮፍት የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ከጆርጅ ሜሰን መንገድ ማዕዘን ላይ 1,334 አፓርታማዎች ያሉት። በ2021 መጨረሻ በ424 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ካውንቲው 150 ሚሊዮን፣ አማዞን 160 ሚሊዮን አበድረው ኪራዩ ለነዋሪው አቅም እንዲመጥን የሚያደርግ ውል አስገቡበት። ከእርስዎ እንጀራ የሚገዙ ስንት ቤተሰቦች እዚያ እንደሚኖሩ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ለሱቅ ተከራይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። መንግሥት መንገድ ሊያሰፋ ብሎ በፌዴራል ገንዘብ ቢያስነሣዎት በ1970 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ የመዛወሪያ ወጪዎን ያስከፍልልዎት ነበር። የግል አከራይ በራሱ መሬት ላይ ለማልማት ቢያስወጣዎት ግን ያለዎት ውልዎ ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ውሉን አውጥታችሁ ከልጅዎ ጋር እንዲህ የሚል አንቀጽ ፈልጉ፦ አከራዩ ሊያፈርስ ወይም ሊያለማ ሲል ውሉን በዚህን ያህል ቀን ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል። ካለ፣ «ሁለት ዓመት ቀርቶኛል» የሚለውን ይርሱት። ከሌለ፣ ሁለቱ ዓመታት የእርስዎ ገንዘብ ናቸው፤ ቀድመው እንዲወጡ ከፈለገ መግዛት አለበት። የንግድ ውል የሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩት፤ የስደት ጉዳይ ጠበቃችን ጥሩ ሰው ቢሆንም ለዚህ አይሆንም።

ስለ ምጣዱ የጠየቁት ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ነው። ጭስና እንፋሎት የሚወጣው ከምድር ቤቱ ተነሥቶ በየፎቁ አልፎ ጣሪያ ላይ በሚያበቃ ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ሕንፃው ወረቀት ላይ እያለ ቦታ ካልተያዘለት በኋላ በሰው መኝታ ቤት መሃል ሊበሳ አይችልም። ብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ውስጥ ባንክ፣ የጥርስ ሐኪምና ሳንድዊች ቤት ብቻ የምናየው ሌላው እንዳይገባ ተከልክሎ አይደለም፤ ለሚያበስል ሰው የሚሆን ቱቦ ስለሌለ ነው። ደንቡ መስታወቱን፣ የግድግዳውን መስመር፣ የዛፉን ርቀት ሁሉ በዝርዝር ይጽፋል፤ ስለዚህች ቱቦ የሚጨነቅ ግን ማንም የለም። የመስታወቱ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንዳይሸፈን ነው እንጂ በርበሬውን ወደ ውስጥ አድርገው ፊት ለፊት መሶብና ጀበና ቢያስቀምጡ የሚከለክል የለም።

*

ከወሰኑ ማዶ፦

እኔ ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ በአጭሩ ልናገር። ምግብ ቤት ነበረኝ፤ ቦታውንም አከራዬንም አልጠራም። ውሌ ላይ እህቴ ያለችው አንቀጽ ነበረ፤ ስፈርም ጠበቃ አላሳየሁም። የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ በፖስታ መጣ። የጭስ መሳቢያውን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የቅባት ማጠራቀሚያውን በራሴ ገንዘብ ነበር ያስገባሁት። ሁሉም ከግድግዳው ጋር ፈረሰ። ጠረጴዛና ወንበር ይዤ ወጣሁ።

«ስንጨርስ ትመለሳለህ» ተብዬ ነበር። በቃል። ሕንፃው ሲያልቅ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ የጠየቁኝን ኪራይ ሰምቼ ሁለተኛ አልደወልሁም። አሁን ከካውንቲው ወሰን አልፌ ፌርፋክስ ውስጥ እንዲሁ አሮጌ ፕላዛ ውስጥ ነኝ። እዚያም የሚለኩ ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም። እትዬ፣ መመለስ የሚለውን ቃል ካልጻፉልዎት እንዳልሰሙት ይቁጠሩት።

*

የ22204 ልጅ፦

ሁላችሁም ፕላዛው እንደ ቅርስ ይጠበቅ የምትሉ ትመስላላችሁ። እኔ ፓይኩ ላይ ተወልጄ አድጌ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ሥራ ይዤ፣ ዛሬ የምኖረው አርባ ደቂቃ ርቄ ውድብሪጅ ነው፤ ቤት አጥቼ። ባዶ አስፋልት ላይ መቶ ቤት ቢሠራ የሚጎዳው ማን ነው? ድሮ በጆርጅ ሜሰን ማዕዘን የነበረው የፉድ ስታር ገበያ ሲፈርስ እናቴ አለቀሰች፤ እውነት ነው። ቦታው ላይ ግን 366 አፓርታማዎች ተሠርተዋል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ቦታ መኖር አለበት።

*

የበርበሬ እናት፦

ልጄ፣ አልተቆጣሁም። የአንተን እድሜ የሚያህል ልጅ አለኝ፤ እርሱም ቤት አጥቶ ከእኔ ጋር ነው። ቤት ይሠራ። ግን እናትህ ያለቀሰችው ለአስፋልቱ አልመሰለኝም። በአንድ ጣሪያ ሥር የፍየል ሥጋም፣ ጎመንም፣ በርካሽ ሽንኩርትም የምታገኝበትን ቦታ አጥታ ነው። በቦታው ሌላ ትልቅ ገበያ እንደገባ አውቃለሁ፤ ንጹሕ ነው፤ ሽንኩርቱ ተለጣፊ ወረቀት አለው። እኔ የምጠይቀው ፎቁ ይቅር ብዬ ሳይሆን፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ማን ይግባ ብዬ ነው።

ጋሼ ሾፌሩ፣ አውቶቡሱን ረስቼው ሳይሆን ጥቂት የሚገዙት ናቸው በአውቶቡስ የሚመጡት፤ አምስት እንጀራና አንድ ጥቅል ሽሮ። ተዝካር የሚያወጣ ሰው በአውቶቡስ አይመጣም። ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው፤ ግን ኪራዬን የሚከፍልልኝ ተዝካሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እህቴ፣ ውሉን አወጣነው። አንቀጽ 23 ላይ አለ። መቶ ሰማንያ ቀን ይላል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ እኔን ሲያይ ኖሯል። ሁለት ጊዜ አድሼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኪራዩ ስንት እንደጨመረ አይቼ ፈረምሁ እንጂ ወደ ኋላ አላገላበጥሁም።

*

የፕላን ክፍል ሠራተኛዋ፦

እትዬ፣ አይዘኑ፤ አብዛኛው ሰው ሲፈርም እንደ እርስዎ ነው። 180 ቀን መጥፎ ቢሆንም የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ከደረሰበት ቀን ነው፤ እስካሁን ያየነው ደግሞ ሮዝ ቀለም ብቻ ነው። ትልልቅ ግንባታዎች ከፕላን ኮሚሽኑና ከቦርዱ ፊት ይቀርባሉ፤ ከዚያ በፊትም ሥዕሉን ከነዋሪው ጋር የሚያዩበት ስብሰባ ይኖራል። ቦርዱ አምስት አባላት አሉት፤ መደበኛ ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለእርስዎ ክፉ ቀን መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ቦርዱ ጋ ሲደርስ ሥዕሉ ደርቋል፤ ጠቃሚው ከነዋሪው ጋር የሚደረገው የመጀመሪያው ስብሰባ ነው። በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በአርሊንግተን ያሉ ትምህርት ቤቶች እንኳን ደብዳቤ ለወላጆች የሚልኩት በስፓኒሽ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በሞንጎሊያኛ ነው፤ ጥያቄዎ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ሲናገሩም «አታፍርሱብኝ» ብለው አይጀምሩ፤ ያንን ሁሉም ሰው ይላል። ስለ ቱቦውና ስለ ጭነት ማውረጃው ይጠይቁ። መንገድ ዳር ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማቆሚያ የሚፈቅደው የትራንስፖርት ክፍሉ ስለሆነ እርሱን ለብቻው ይያዙት። ደንቡ ደግሞ ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ መጀመሪያ ሲወጣ በዋናው መንገድ ምድር ቤት ሁሉ ችርቻሮ ይሁን ይል ነበር፤ አንዳንዱ ሱቅ ተከራይ አጥቶ ሲቀመጥ የሚፈቀደውን የሥራ ዓይነት አስፍተውታል። የተሻሻለው ባዶ መስታወት ስላዩ ነው። የእርስዎንም ዓይነት ችግር ካላዩት ሊያሻሽሉት አይችሉም።

*

የበርበሬ እናት፦

ዘግይቼ ነው የተመለስሁት፤ ጾም ገብቶ ሥራ በዝቶ ነበር።

ስብሰባው ተደረገ። ሐሙስ ማታ ስለነበር ሱቅ አልዘጋሁም። የዳቦ ቤቷን ቦሊቪያዊት ጎረቤቴንም ይዣት ሄድሁ፤ እርሷም ምድጃ አላት። አስተርጓሚ አስቀድሜ ጠይቄ ስለነበር አንዲት ልጅ መጣች፤ የጎጃም ልጅ ናት፤ «ባልትና» የሚለውን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው ብላ ተጨነቀች። ተይው፣ ቅመም በያቸው አልኋት።

ሥዕሉ ትልቅ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስድስት ሱቆች ምድር ቤቱ ላይ ተሥለዋል፤ ከላይ አምስት ፎቅ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሰዎች ስለ ጥላው፣ ስለ ጡቡ ቀለም፣ ስለ ትራፊክ ተናገሩ። አንድ ሽማግሌ ጡቡ ሳይሆን መስኮቱ ነው ችግሩ ብለው ረጅም ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ አስተርጓሚዋም አልገባትም። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ «ከእነዚህ ከስድስቱ በየትኛው ነው እንጀራ የሚጋገረው?» አልሁ። ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እንፋሎቱ በየት ይወጣል?» ብዬ ስደግም ግን መሐንዲሱ ወደ ሥዕሉ ዞረ። ቆየ። ከስድስቱ በአንዱም ቱቦ የለም።

ሲያልቅ ወደ እኔ መጣና ስንት ምጣድ እንዳለኝ፣ ምን ያህል መብራት እንደሚበሉ ጠየቀኝ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በአሳንሰሩ አጠገብ ትንሽ ሳጥን ሣለ፤ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ። ጎረቤቴም ጣቷን አስቀምጣ «ሁለት» አለችው፤ ሌላም ጨመረላት። በእርሳስ ነው የሣለው፤ እርሳስ መሆኑን አይቻለሁ። የለኪዎቹ ሮዝ ቀለም ግን እስከ ዛሬ በሬ ላይ አለ፤ ስንት ዝናብ ዘንቦበት አልለቀቀም።

አከራያችን ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። በማግሥቱ ሱቅ መጣና «መመለስ ትፈልጊያለሽ እንዴ?» አለኝ። ከወሰኑ ማዶ ያሉት ወንድሜ እንደመከሩኝ «ጻፍልኝ» አልሁት። «ጠበቃዬን አነጋግራለሁ» ብሎ ሄደ። የእኔ ጠበቃ ደግሞ ኪራዩ ካልተጻፈ መመለስ ብቻ ቢጻፍ ዋጋ የለውም ትላለች።

አሁን የምለምናችሁ፣ በፓይኩ ላይ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት የተከራየ ሰው ካለ በካሬ ጫማ ስንት እንደሚከፍል፣ የጥበቃና የጽዳት ተብሎ የሚጨመረውም ስንት እንደሆነ በግል መልእክት ይጻፍልኝ። ጠበቃዬ ቁጥሩን እስከ ማክሰኞ ትፈልገዋለች።